ዛሬ ስንት ሽምብራ ነው?

ውሸታም አሉኝ። ቀኝ ዳሌዬ እንደ ፍም እየነደደ «ምንም ሕመም የለበትም» ተብሎ በወረቀት ተጻፈብኝ። በዚያው ወረቀት ከዘበኝነት ሥራዬ ተባረርኩ። በዚያው ወረቀት የገዛ ልጄ በሰው ፊት አላገጠብኝ። አራት ዓመት ሙሉ ውሸታም ተብዬ ኖርኩ። የተደረገብኝ በደል ይህ ነው፤ አላሳምረውም፣ አልቀንሰውምም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው ዛሬ ፊታችሁ የወጣሁት። ክብር ለስሙ ይሁን! ደርሶ እባላለሁ፤ አያ ደርሶ ትሉኛላችሁ። ተቀምጬ ነው የምናገረው። «ምነው ተቀምጦ ይመሰክራል?» የሚል ካለ እየሰማ ይቆይ፣ መልሱን ያገኘዋል። ደግሞም ጽፌው ነው የመጣሁት፤ በገዛ እጄ! ስሙ ይባረክ! በስልሳ ዓመቱ ሀ ሁ የጀመረ ሰው የጻፈው ነውና ስደናቀፍ ብታዩ አትሳቁ። ብትስቁም ግድ የለኝም።

የተወለድኩት ደጋ ነው፣ ወገራ። እዚያ ሰው ሲገናኝ እንዴት እንደሚጠያየቅ ታውቃላችሁ። «እንዴት ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ደኅና ነህ?» «ተመስገን።» «ከብቱስ? ልጆቹስ?» «ደኅና ናቸው፣ ተመስገን።» ይህ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል። ቤትህ ተቃጥሎ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ደኅና ነኝ ትላለህ፤ ቤቴ ተቃጠለ የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ በሬ ጎኑን ወግቶት ሊሞት ሲያጣጥር ጎረቤት ገብቶ «እንዴት ዋልክ?» ቢለው «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ነው ያረፈው። እኛ ልጆቹ በዚህ እንኮራ ነበር። እኔም እንደሱ ልሆን አደግሁ። ሞኝነት ነው፤ ግን ያኔ ማን ይነግረኛል?

ልጄ አለልኝ ለአካለ መጠን ሲደርስ መሬቱን ለሱ ትቼ ከባለቤቴ ከጥሩዬ ጋር ወደ ጎንደር ወረድኩ። አራዳ አንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። ጠንካራ ዘበኛ ነበርኩ! ክፉም ነበርኩ። አይጥ እንኳ ፈቃድ ሳይጠይቀኝ አይገባም ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በአንድ ክረምት ነው። ጠዋት ስነሣ እግሬ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታዘዝ ይላል። ትንሽ ስራመድ ይፈታና ከቀትር በኋላ እንደገና ይይዘኛል። ደረጃ መውረድ ጭንቅ ነው። ጫማ ማሰር ጭንቅ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ጥሩዬ ግን አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ ስትለብስ ግድግዳውን ደግፈህ የምትይዘው እንዳይወድቅ ነው?»

«ዝም በይ።»

«ግድግዳው ደኅና ነው። አንተ ነህ የምትወድቀው።»

በዋግምት ደም አስወጣሁ። በጋለ ብረት ተተኮስኩ፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ጸበልም ተጠመቅሁ። ሰው ሁሉ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለኝ። እኔም ዕድሜ ነው ብዬ ዋጥኩት።

አንድ ቀን የመጋዘኑ ሹም በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ።

«ምነው አያ ደርሶ! ዘበኛ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው?»

«እግሬን ያመኛል ጌታዬ።»

«እኔም ስሠራ ያመኛል» አለና የቆሙት ተሸካሚዎች ሳቁ። «በል ከሐኪም ወረቀት አምጣ። ካመመህ የተቀምጦ ሥራ እንሰጥሃለን። ካላመመህ ግን ወዮልህ።»

ወደ አንድ የመንግሥት ክሊኒክ ሄድኩ። እንግዲህ ወንድሞች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር አቶ ምትኩ የሚባል ወጣት ነበር። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ጨዋ ልጅ። ሰው በር ድረስ ተሰልፏል። አግዳሚው ላይ ከአጠገቤ ከአገሬ የመጣ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ የሰማውን ሁሉ ለወገራ የሚያደርስ ዓይነት ሰው።

«እንዴት ነዎት አባቴ?» አለኝ ምትኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። አንተስ ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና ነው?»

«ደኅና። ምን ሆነው መጡ?»

«ኧረ እኔ ምን እሆናለሁ! ሹሜ ሂድ ቢለኝ ነው።»

እግሬን አንሥቶ ወደ ውስጥ አዞረው። ነፍሴ ከጉሮሮዬ ልትወጣ ደረሰች! ላቤ በግንባሬ ወረደ። የአገሬ ሰው ያየኛል።

«ያምዎታል?»

«ምንም!»

ምነው ዋሸህ ትሉኛላችሁ። አንዱ ኩራት ነው። ሌላም አለ፤ ይህን የከተማ ልጆች አታውቁትም ይሆናል። በእኛ አገር አዋቂ ዘንድ የሄደ ሰው ሕመሙን አይናገርም። ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ «ወገብህን ያምሃል፣ በምሥራቅ በኩል ጠላት አለብህ» የሚለው አዋቂው ነው። እሱ ካላወቀ ምኑን አዋቂ ሆነ? እኔም ይህንኑ ከነጭ ለባሹ ፈለግሁ። ሕመሜን ብነግረው እንደ መናቅ መሰለኝ። ከተማረ ራሱ ይወቀው ብዬ ፈተንኩት።

ምትኩ ጻፈ። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አስፈረመኝ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ጎንበስ ብዬ አመስግኜ፣ ክሱን ራሴ ተሸክሜ እያነከስኩ ለሹሙ አደረስኩ። ማንበብ አልችልማ! ሹሙ ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ምንም ሕመም የለበትም።» እዚያው ላይ አቆመ፤ የቀረውን አላነበበልኝም። ወረቀቱን መልሶ እጄ ላይ ጣለውና «ውሸታም ሽማግሌ!» አለኝ። ያን ዕለት ከሥራ ወጣሁ።

ወደ ወገራ ተመለስን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ ያ የአገሬ ሰው ሥራውን ሠርቷል። የአጨዳ ጊዜ ነው። አለልኝ ደቦ ጠርቶ ሃያ ሰው ያህል ተሰልፎ ያጭዳል። እኔ ዳር ላይ ተቀምጫለሁ። ጎንበስ ብል ቀና ማለት አልችልም። ልጄ ማጭዱን ይዞ ቀና አለ።

«አባዬ፣ ወረቀቱ ምንም አያመውም ይላል አሉ። ታዲያ ምነው ተቀመጥክ?»

«ያመኛል።»

«የዘበኝነት አመል ነው እንጂ! ተወው፣ እሱ ማሳውን ይጠብቅልን!»

ደቦው በሳቅ ፈረሰ። ወንድሞች፣ ልረግመው አፌን ከፈትኩ። አባት ልጁን ሲረግም ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጥሩዬ ከኋላዬ መጥታ አፌን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘችው። «ልጅህን ረግመህ እግርህ ቢድን ምን ይረባሃል?» አለችኝ። በማግሥቱ ወደ ጎንደር ወረድን። ቀሐ ወንዝ አጠገብ አንዲት ጎጆ ተከራየን። ከልጄ ጋር አራት ዓመት አልተነጋገርንም። እሱ አልመጣም፣ እኔም አልላክሁበትም።

ያችን ወረቀት ግን በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኋት። ምትኩን እከሳለሁ! ያልሆነ ጽፎ አጥፍቶኛል እላለሁ! አራዳ ያለው አቤቱታ ጻፊ «ወረቀቱን አሳየኝ» ሲለኝ ቦርሳዬን አቅፌ ተመለስኩ። «ምንም ሕመም የለበትም» የሚለውን ሌላ ሰው እንዲያነብብኝ አልፈለግሁም። ራሴ ፊደል ተምሬ ክሴን ራሴ እጽፋለሁ አልኩ። ለመልካም ነገር የተማርኩ እንዳይመስላችሁ! ሰው ልከስ ነው የተማርኩት።

ጌታ ግን የክፉ ሰው ክፉ ሐሳብ እንኳ አይባክንበትም፤ ሃሌ ሉያ!

እዚህ በሚስዮኑ ክሊኒክ በረንዳ ላይ ከቀትር በኋላ ፊደል የሚያስተምረው ወንድም ተገኘ ነበር። ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይስቃል። የፈረንጁ ሐኪም አስተርጓሚም እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አልኩት፦

«ፊደሉን ስጠኝ። ስብከትህን ለራስህ ያዘው።»

«ሸጋ» አለኝ። «የምናነበው ግን ወንጌል ነው፤ ሌላ መጽሐፍ የለኝም። ጆሮዎን ደፍነው ያንብቡ።»

ጆሮ ደፍኖ ማንበብ! እስከ ዛሬ ስንስቅበት አለን። ዓመት ፈጀብኝ። ጣቴን ከፊደል ፊደል እየጎተትኩ፣ ሌሎቹ ሁለት ገጽ ሲያነቡ እኔ ሁለት መስመር። አንድ ቀን የዓይነ ስውሩ ታሪክ ደረሰኝ፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጮኸው ሰውዬ። ጌታ አስጠራው። ዓይኑ የጠፋ ሰው ፊቱ ቆሟል። ጌታም ምን ላድርግልህ ትፈልጋለህ ብሎ ጠየቀው። እኔ መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!» ብዬ ተገኘ ላይ ጮኽኩ። «ዓይኑ እንደጠፋ አያይም እንዴ? አምላክ አይደለም እንዴ? ሳይነገረው አያውቅም?»

«ያውቃል።»

«ታዲያ ምነው ይጠይቃል?»

«ሰውዬው በገዛ አፉ እንዲነግረው ይሆናል።»

«ቢጠየቅ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን ቢለውስ?»

ተገኘ ትንሽ አሰበና «ታዲያማ ዕውር እንደሆነ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር» አለኝ።

ይህን የተናገረው እንደ ቀልድ ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ። ተነሥቼ ወጣሁ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ቦርሳዬን ይዤ ቀሐ ወረድኩ። ሴቶች ጋቢና ነጠላ ያጥባሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያችን ወረቀት ፈታኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አነበብኳት። ምን ይላል መሰላችሁ? አዎ፣ «ምንም ሕመም የለበትም» ይላል። ሹሙ ያነበበው እስከዚህ ነው። ቀጥሎ ግን ያላነበበልኝ መስመር አለ። ጣቴን እየጎተትኩ አነበብኩት፦ «በተደጋጋሚ ቢጠየቅም ደኅና ነኝ፣ ምንም አያመኝም ብሏል።» ከታችም የእኔው አውራ ጣት!

እናንተ ወንድሞች! አራት ዓመት ሐሰተኛ ምስክር ስፈልግ ነበር፤ ምስክሩ እኔ ነበርኩ። ልከስ ፊደል ተማርኩ፤ ተከሳሹ እኔ ሆንኩ። ልጄን ልረግመው አፌን የከፈትኩት እኔው ራሴ ባስጻፍኩት ነገር ነው። እንባዬ ፈሰሰ። እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ከዚያም በሙሉ ድምፄ ጮኽኩ፦

«ያመኛል! ጌታዬ፣ ያመኛል! ዳሌዬን ያመኛል! ጭኔን ያመኛል! ልጄ ያመኛል! ዋሽቼአለሁ፣ ያመኛል!»

ከአጣቢዎቹ አንዲቱ ልብሷን ጥላ ሮጣ መጣች። «ውይ አያ! ማን መታዎት?»

«ማንም አልመታኝም። እውነት እየተናገርኩ ነው!»

ወደ ጓደኞቿ ተመልሳ «ፀሐይ መትቶት ነው» ስትላቸው ሰማኋት። ትበለው! እኔ በዚያ ድንጋይ ላይ ጌታን አገኘሁት። ልብ በሉ፣ ያን ሰዓት ዳሌዬ አልዳነም። ስነሣ እንደ ወትሮው ጥርሴን ነክሼ ነው የተነሣሁት። የተፈወሰው አፌ ነው። ስሙ ይባረክ! ስልሳ ዓመት የታመመ አፍ በአንድ ረፋድ ተፈወሰ! ኃጢአቴን ተናዘዝኩ፣ ምሕረቱን ለመንኩት፣ ተቀበለኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጸልዬ አላውቅም ነበር፤ ለእግዚአብሔርም ሰላምታ ብቻ ነበር የምሰጠው።

ከዚያ በቀጥታ ወደዚህ ክሊኒክ። ፈረንጁ ሐኪም በተገኘ አፍ «እንዴት ነህ?» አለኝ። ልማዴ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት!

«መጥፎ ነኝ» አልኩ። «ቀኝ ዳሌዬን ያመኛል። ወደ ብሽሽቴ ይወርዳል። ጠዋት ይብሳል፣ ብርድ ያብስበታል፣ ብዙ ስቀመጥ ይደርቃል። ማልቀስም ያምረኛል።»

ተገኘ ሳይተረጉም አፉን ከፍቶ ያየኝ ጀመር። «ተርጉም እንጂ!» አልኩት።

ሐኪሙ ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። «ሕመም በግ ነው እንዴ የሚቆጠር?» አልኩ። ያን ጊዜ ተገኘ ከኪሱ ሽምብራ አወጣ። አሥር ቆጥሮ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «አሥሩም ማለት ቀሐ ላይ እንዳስጮኸዎት ነው» አለኝ፤ ወሬው ደርሶት ኖሯል! «ባዶ መዳፍ ማለት ምንም የለም ማለት ነው። አሁን ስንት ነው?» አንዱን መለስኩለት፤ መዳፌ ላይ ዘጠኝ ቀረ። ሐኪሙ ጻፈ። እያየሁት ጻፈ! ዘጠኝ! ወንድሞቼ፣ የሕመሜ እውነት የተጻፈው ያን ቀን ነው፤ ክብር ለአምላኬ!

እግሬን ሲያዞረው ጮኽኩ። ሐኪሙ ደስ አለው። ከዚያ ያለኝን ልንገራችሁ፣ እዚህ መካከል የሸመገላችሁ በደንብ ስሙ። «ዕድሜ ነው ብለው የተዉህ ተሳስተዋል» አለኝ። «ሽምግልና በራሱ አያምም። የሚያምህ የዳሌህ መገጣጠሚያ ነው፤ አልቋል። አዲስ ላደርገው አልችልም። ማብረድ ግን ይቻላል። አንተ ካልነገርከኝ ግን አልችልም።» ከዚያ ዱላዬን አየ።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትይዘው?»

«በቀኝ ነዋ፣ የሚያመኝ ቀኝ ነው።»

«በግራ ያዘው።»

ያሾፍብኛል ብዬ ነበር። በግራ ይዤ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርኩ። በጌታ ስም! ተመልሼ ከመዳፌ ሦስት ሽምብራ አነሣሁለት። ዱላው ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ እጅ መለወጥ ብቻ ነበር! ሌላም አለ። ኪኒኑን እህል ከቀመስክ በኋላ ዋጥ፣ ከታዘዘልህ አትጨምር አለኝ። አንድ ቀን ጨምሬ ሆዴ ተቃጥሎ ጥሩዬ በስድብ ጠግናኛለች። ዝቅ ያለ ዱካ ላይ አትቀመጥ። በሞቀ ጨርቅ አሙቀው። ቀኑን ሙሉ አትቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉም አትቁም፤ ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ ሂድ። ይኸው ነው። ተራራ የሚያናውጥ ነገር የለውም። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የጌታን እጅ አየሁ። ይህ ምክር ከመጀመሪያውም ነበር፤ በመካከላችን የቆመው የእኔ «ተመስገን» ነበር።

ጥሩዬ እስከ ዛሬ ወደ ደብሯ ትሄዳለች፤ አልጣላትም፣ እሷም አትጣላኝ። ግን በየጠዋቱ አሥር ሽምብራ ቆሎ በሰሃን ታቀርብልኛለች። «ዛሬ ስንት ሽምብራ ነው?» ትለኛለች። «አምስት» እላታለሁ። አምስቱን እኔ፣ አምስቱን እሷ እንበላለን። ስድስትና ሰባት በሆነ ቀን ውኃ የሚቀዳው ሌላ ነው። ሁለት በሆነ ቀን «ዛሬ እኔ ብዙ በላሁ፣ ጌታህ ይመስገን» ትለኛለች። ጌታህ ትላለች እንጂ ጌታችን አትልም፤ እሱም ይመጣል።

ደግሞ ይህን አልደብቅም። በመካከላችን ያለ አንድ ሽማግሌ፣ ወንድም ካሳ፣ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር።

«አያ ደርሶ፣ ስትመሰክር ሙሉ ለሙሉ ተፈወስኩ በል። ጌታ ይበልጥ ይከብራል።»

«አልተፈወስኩማ።»

«በእምነት በለው!»

«ወንድም ካሳ፣ ደኅና ሳልሆን ደኅና ነኝ ብዬ አራት ዓመት ተቃጥያለሁ። አሁን ደግሞ በጌታ ስም ልድገመው?»

ወንድም ካሳ ተቆጥቶ ሄደ። ትናንት ግን ተመልሶ መጥቶ ጉልበቱን እንደሚያመው በጆሮዬ ነገረኝ። ይቅርታ ወንድሜ፣ አወጣሁብህ። ግን ሐኪሙ እዚያ ማዶ ነው፣ ሂድ! ጌታ ዳሌዬን እንደ ሕፃን ሊያደርገው ይችላል፤ ይህን አምናለሁ። ያደረገው ቀን መጥቼ ቆሜ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ግን ሦስት ሽምብራ ነው፤ ተቀምጬ የምመሰክረውም ለዚህ ነው። በሦስት ሽምብራም ሃሌ ሉያ!

የቀረው ልጄ ነበር። ከገበያ በሚመለስ ሰው ላክሁበት፦ «አባትህ ጥፋቱ የኔ ነው ይላል፤ ና።» ሁለት ቅዳሜ አለፈ። ሦስተኛው ላይ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ከስቷል። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፤ ቀና ሲል መቃኑን ይዞ ነው ቀና ያለው። እኔ ይህን አያያዝ አውቀዋለሁ።

«እንዴት ነህ አለልኝ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባዬ።»

«ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። አንተስ?»

«እሱን ተወው። የት ነው የሚያምህ?»

እናቱን አየ፣ መሬት አየ።

«ምንም አያመኝም።»

«አለልኝ፣ መቃኑን የያዝከው እንዳይወድቅ ነው?»

ጥሩዬ ከኋላ ሳቋ አመለጣት። ልጄ ግን አልሳቀም። ያ በደቦ ፊት ያላገጠብኝ ጎበዝ መቃኑን አጥብቆ ያዘ። «ወገቤን» አለ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ማጭድ ይዤ ጎንበስ ስል ነፍሴ ትወጣለች። ሰው ምን ይለኛል ብዬ… አንተን ያልኩህን እኔን ይሉኛል ብዬ…» ሊጨርሰው አልቻለም። እኔም አልጠበቅሁትም፤ አቅፌ ያዝኩት። ሁለት የታመሙ ሰዎች ተቃቅፈን ስንቆም ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። ክብር ለጌታ፣ ክብር ለጌታ! ጥሩዬ የሽምብራውን ሰሃን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። «ቁጠር» አለችው።

በቀጣዩ ዓርብ ሁለታችን ምትኩ ዘንድ ሄድን። አለልኝ ወገቡን ሊያሳይ ነው፤ የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ምትኩ አወቀኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ልከስህ አራት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ» አልኩት። «አሁን ይቅርታ ልጠይቅህ መጣሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ምትኩ ወረቀቱን አነበበ። 

«አባቴ፣ እኔም ጥፋት አለብኝ» አለኝ። «እግርዎን ሳዞር ላብዎ ሲወርድ አይቻለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ዕድሜ ነው አልኩና አፍዎ ያለውን ጻፍኩ። ዓይኔ ያየውን አልጻፍኩም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ስሰማ አንድ ጊዜ በዱላዬ ልለው አምሮኝ ነበር። ዳሌዬ አልፈቀደልኝም፤ ጌታም አልፈቀደልኝም። ብዕሩን ስጠኝ አልኩት። ሥራዬን ማንም አልመለሰልኝም፤ ያ ሹምም ቃሉን አላነሣም። እሱን ለአምላኬ ትቼዋለሁ፤ አልፎ አልፎ መልሼ እወስደዋለሁ፣ እንደገና እተወዋለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በተለይ የሸመገላችሁ፣ ለሰላምታ ተመስገን በሉ፤ ሸጋ ነው። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ግን የሚያማችሁን ንገሩት። ጌታ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ሁሉንም ንገሩት። እሱ ሳትነግሩት የሚያውቅ ነው፤ ሆኖም ቆሞ ይጠብቃችኋል። ታመኑበት፤ እኔን ክፉውን ሰውዬ አላባረረኝም። ልጆችም፣ አባቶቻችሁ «ምንም አይደል» ሲሏችሁ ፊታቸውን እዩ፣ መቃን ሲይዙ እዩ።

ምትኩ ብዕሩን ሰጠኝ። አለልኝ ማንበብ አይችልም፤ አጠገቤ ቆሞ እጄን ያያል። ከአውራ ጣቴ ምልክት ሥር፣ በቀረችው ባዶ ቦታ፣ በሚንጋደደው ፊደሌ ጻፍኩና ለልጄ ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፦

«ያመኝ ነበር። ዋሽቼ ነበር። አሁንም ያመኛል፣ ዛሬ አራት ነው። ደርሶ በገዛ እጁ ጻፈ። ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት።»